የካባው ቀንድ ነፊ የአቶ ፉፋ በዳዳ የሕይወት ታሪክ

አቶ ፉፋ በዳዳ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ በእንጦጦ ግርጌ በምትገኘው ላይ ሰፈር፣ ከአባታቸው ከአቶ በዳዳ ጎበናና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዲንቄ ፈይሳ በኅዳር ወር 1905 ዓ.ም. ተወለዱ። ዕለቱን ለይቶ የሚያውቅ ባይገኝም፣ እናታቸው የገብሱ አጨዳ ሳያልቅ እንደ ወለዷቸውና አጨዳውም በእርሳቸው ምክንያት እንደ ዘገየ ይናገሩ ነበር።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ወደ የካ ሚካኤል እየወረዱ ከመሪጌታ ወልደ ሐዋርያት ዘንድ ፊደል ቆጥረዋል፤ ዳዊትም ደግመዋል። በቤታቸው ኦሮምኛ፣ በደብሩ ግቢ አማርኛ ይነገር ስለ ነበር ሁለቱን ቋንቋዎች እኩል ያውቁ ነበር። ከተራራው የሚወርደው ገበሬና ከታች ያለው ነጋዴ መግባባት ሲያቅታቸው፣ «ፉፋን ጥሩልን» ማለት የተለመደ ሆነ። እርሳቸውም የአንዱን ቃል ለሌላው ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ ያደርሱ ነበር፤ ስድብም ቢሆን።

ከትምህርት በኋላ ባሕር ዛፍ እየቆረጡ በመሸጥ ራሳቸውን ችለው፣ በ1934 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሙሉነሽ አካሉ ጋር በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ተጋቡ። ልጆቻቸውን ጎበናን፣ ብዙነሽንና ወለተሥላሴን አፍርተዋል።

በ1939 ዓ.ም. የላይ ሰፈር እድር ሲቋቋም፣ አቶ ፉፋ ጥሩምባ ነፊ እንዲሆኑ ተመረጡ። ጥሩምባው ጣሊያን ጥሎት የሄደ የናስ ጥሩምባ ነበር። ሰው ባረፈ ቁጥር ገና ሳይነጋ ከወይራው ዛፍ ሥር ቆመው ይነፋሉ፤ ቀጥለውም የሟቹን ስም ይጠራሉ። ትንፋሻቸው ረጅም ስለ ነበር ድምፁ ከላይ እስከ እርሻዎቹ፣ ከታች እስከ ለጋሲዮኑ አጥር ይደርስ ነበር ይባላል። ጥሩምባውን በቀን ይዘው ከታዩ ሰው ሁሉ ደንግጦ «ማን ነው?» ይላቸዋል። እርሳቸውም «ማንም አይደለም፣ ላስወለውለው ነው» እያሉ መንገዳቸውን ይቀጥሉ ነበር።

በ1947 ዓ.ም. ላይ ሰፈር የድንጋይ ማዕድን ኩባንያ የተባለ ድርጅት ከመንደሩ በላይ ድንጋይ የሚፈነቀልበት ካባ ሊከፍት መጣ። በከተማው ትላልቅ ሕንፃዎች የሚሠሩበት ዘመን ስለ ነበር ድንጋይ በብዛት ይፈለግ ነበር። የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ አቶ ወልደ ኢየሱስ ሕዝቡን ከወይራው ሥር ሰብስበው በአማርኛ ተናገሩ፤ አቶ ፉፋ ወደ ኦሮምኛ መለሱት። ኩባንያው መንገድ እንደሚያወጣ፣ የሰፈሩን ወጣቶች እንደሚቀጥር፣ ክሊኒክ እንደሚያሠራ ተነገረ። ካባው እየሰፋ ሄዶ መንደሩ ሁሉ የሚጠጣው ምንጭ ጋ ቢደርስ እንኳ፣ የቧንቧ ውኃ ሳይገባ ምንጩ እንደማይነካ ቃል ተገባ። ይህ ሁሉ በቃል እንጂ በጽሑፍ አልነበረም።

ንግግሩ ሲያበቃ ከገበሬዎቹ ወገን ወይዘሮ ኢፍቱ የተባሉ ትልቅ ሴት ተነሥተው በኦሮምኛ ጠየቁ።

«አንተ ፉፋ፣ ይህ ያልከው ያንተ ነው የሱ?»

«የሳቸው ነው፣ እትዬ።»

«እኔ የሰማሁት ካንተ አፍ ነው። እሱን አላውቀውም፤ የማውቀው አንተን ነው።»

ሰዉ ሳቀ። አቶ ፉፋ ግን ይህን ለሥራ አስኪያጁ ሲተረጉሙ አለመሳቃቸውን በቦታው የነበሩ ያስታውሳሉ።

በዚያው ዓመት ኩባንያው አቶ ፉፋን ቀጠራቸው። ሥራቸው ድማሚት ከመፈንዳቱ በፊት ነፍተው ሕዝቡን ማስጠንቀቅ ነበር። ሌላ መንፊያ ስላልነበራቸው በኅዳር 1948 ዓ.ም. የመጀመሪያው ፍንዳታ ዕለት የእድሩን ጥሩምባ ይዘው ወደ ካባው ወጡ። የድማሚቱ ገመድ ሲለኮስም እንደ ልማዳቸው ነፉ።

ሕዝቡ ሰማ። ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶች የእድሩን ድንኳን ተሸክመው፣ ሰው ድንጋይ ተጭኖት ሞተ ብለው ወደ ካባው መሮጥ ጀመሩ። ከፊት የነበሩት የእድሩ ዳኛ አቶ ዓምደ ሚካኤል ነበሩ።

«ማን ነው የሞተው?»

«ማንም አልሞተም! ተመለሱ!»

«ማንም ሳይሞት ጥሩምባ ይነፋል እንዴ?»

«ካልተመለሳችሁ ነው የምትሞቱት! ተመለሱ አልኳችሁ!»

መርዶ በድንገት አይነገርምና፣ አቶ ፉፋ ስሙን የሸሸጉት የቅርብ ዘመድ ቢሆን ነው ብለው ሴቶቹ ለቅሶውን አበረቱት። አንዷ «ልጄ ነው! ልጄን ነው የሚደብቀኝ!» ብላ ደረቷን ደቃች፤ ልጇ ግን ከኋላዋ የድንኳኑን ቋሚ ተሸክሞ ቆሞ ነበር። አቶ ፉፋ ጥሩምባውን ጥለው፣ እጃቸውን ዘርግተው እየገፉ ጥቂት እንደ መለሷቸው ድንጋዩ ፈነዳ። የሞተ ሰው አልነበረም። ወይዘሮ ሸዋረጋ የተባሉ እናት ግን ፍንጣሪ እግራቸውን መታቸው፤ አቶ ፉፋም አዝለው እቤታቸው አደረሷቸው። ወይዘሮ ሸዋረጋ እስከ ዛሬ ያነክሳሉ፤ ዛሬም በመካከላችን ይገኛሉ።

ከዚህ በኋላ እድሩ ተሰብስቦ የናሱ ጥሩምባ ለሞት ብቻ እንዲነፋ ወሰነ። ኩባንያውም በበኩሉ ማስጠንቀቂያ ሳይነፋና ሰው ሁሉ እቤቱ ሳይገባ ገመድ እንዳይለኮስ ጥብቅ ሕግ አወጣ። አቶ ፉፋ ከአባታቸው በሬዎች የአንዱን ቀንድ በስተው ለካባው ሥራ አዘጋጁ። ድምፁ ከጥሩምባው የወፈረና የጎረነነ ነበር። ሕዝቡም ጥሩምባ ሲሰማ መውጣት፣ ቀንድ ሲሰማ መግባት ለመደ። የሠራተኞቹ ካቦ አቶ ጀይላን፣ «ጋሽ ፉፋ፣ በአንዱ ያስወጡናል፣ በአንዱ ያስገቡናል፤ መቼ ነው የሚያስቀምጡን?» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

የኩባንያው ሥራ በየዓመቱ ወደ ፊት ሄደ። በ1949 ዓ.ም. የመኪና መንገዱ ተጠናቀቀ። በ1950 ድንጋይ መፍጫው ተተከለ። ከሰፈሩ ብዙ ወጣቶች ሥራ አገኙ፤ የአቶ ፉፋ ልጅ ጎበናም በመፍጫው ላይ ተቀጠረ። በዚያ ጊዜ ከላይ ሰፈር ድንጋይ ያልገባበት አዲስ ሕንፃ ጥቂት እንደ ነበረ ሠራተኞቹ በኩራት ይናገራሉ።

የቧንቧው ነገር ግን አልገፋም። አቶ ፉፋ በጠየቁ ቁጥር ቧንቧው ጅቡቲ ነው ይባላሉ፤ ሌላ ጊዜ ድሬዳዋ ደርሷል፤ በመጨረሻም ለገሃር ነው ተባለ። እያንዳንዱን መልስ ለሰፈሩ ያደርሱ ነበር። ወይዘሮ ኢፍቱ፣ «ይህ ቧንቧ በእግሩ ነው እንዴ የሚመጣው?» ብለው እስከ መጠየቅ ደረሱ።

በ1952 ዓ.ም. ጥሩው ድንጋይ በምንጩ ሥር እንደሚያልፍ ታወቀ። በየካቲት ወር በምንጩ ዳር ያለው ዐለት ተበስቶ ድማሚት ተሞላበት፤ አቶ ፉፋም እንዲነፉ ታዘዙ። ቀንዱን ከትከሻቸው ሳያወርዱ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ጋሽ ፉፋ፣ ሁሉ ነገር ተዘጋጅቷል፤ ይንፉ እንጂ» አሉ አቶ ጀይላን።

«ቧንቧው ሲመጣ እነፋለሁ።»

«ኧረ ሥራዎን ያጣሉ! ልጅዎ አለ፣ ቤት አለ።»

«ሥራ ሌላ ይገኛል። ለሰፈሩ ተናግሬ፣ አሳምኜ ውኃ ካሳጣሁት ግን የት እኖራለሁ?»

አቶ ጀይላን ትእዛዝ ስላለባቸው ሌላ ቀንድ አስመጥተው ራሳቸው ነፉ። በምንጩ ላይ ልብስ ያጥቡ ከነበሩት ሴቶች አንዷ ልትነሣ ስትል ወይዘሮ ኢፍቱ ጆሯቸውን ቀና አድርገው አዳመጡ።

«ይሄ የፉፋ አይደለም። ቁጭ ብለሽ እጠቢ።»

አቶ ጀይላን ደጋግመው ነፉ። ማንም አልተነሣም፤ እንዲያውም ከታች ሌሎች ሴቶች ልብሳቸውን ይዘው መጡ። ሰው እቤቱ ስላልገባ በኩባንያው ሕግ ገመዱ ሊለኮስ አልቻለም። በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ ከከተማ ተጠርተው መጡ።

«አቶ ፉፋ፣ እርስዎ የኩባንያው ሠራተኛ ነዎት ወይስ የሰፈሩ?»

«ጌታዬ፣ እኔ የያዝኩት እርስዎ የነገሩኝን ነው።»

አቶ ፉፋ በዚያው ዕለት ከሥራ ተሰናበቱ። ወደ ባሕር ዛፋቸው ተመልሰው መጥረቢያቸውን ሳሉ። ወይዘሮ ሙሉነሽ እንደሚሉት፣ በእነዚያ ወራት ቀንዱን ከግድግዳው ላይ አውርደው ይወለውሉት ነበር። ሌላ ሰው ቀንድ ሲነፋ ማንም እቤቱ ስለማይገባ፣ ካባው አዲስ ድንጋይ ማፍረስ አቅቶት ቀድሞ የፈረሰውን ሲፈጭ ቆየ። ክረምቱ ሊገባ ሲል ቧንቧው በጭነት መኪና ተጭኖ መጣ። የሰፈሩ ወጣቶች ቦዩን ቆፈሩ፤ በመስከረም 1953 ዓ.ም. ከወይራው ዛፍ አጠገብ ሕዝቡ የሚቀዳበት ቦኖ ተከፈተ። ሥራ አስኪያጁ አቶ ወልደ ኢየሱስ በበዓሉ ላይ ተገኝተው የመጀመሪያውን እንስራ በእጃቸው ሞልተዋል፤ አቶ ፉፋንም ወደ ሥራቸው መልሰዋል። ሁለቱ ሰዎች ከዚያ ወዲህ በመከባበር ኖረዋል።

በሳምንቱ አቶ ፉፋ ቀንዱን ነፉ፤ ሰዉ ሁሉ ገባ፤ ምንጩም ከነዐለቱ ፈረሰ። አቧራው ሲረግፍ ወይዘሮ ኢፍቱ ከቤታቸው ወጥተው፣ «አሁን ነው እንግዲህ ጥሩምባው የሚነፋው፤ ዛሬ የሞተ አለ» አሏቸው። አቶ ፉፋም «የሚቀበር የለውም፣ እትዬ» ብለው ቀንዱን ትከሻቸው ላይ አንግተው ወደ ቤታቸው ወረዱ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ቤታቸው የሚገቡት በምንጩ በኩል ሳይሆን ዞረው ነበር።

በ1956 ዓ.ም. ከተገባው ቃል የቀረው የክሊኒኩ ሥራ ተጀመረ። ድንጋዩን ኩባንያው ሰጠ፤ ጉልበቱን ሰፈሩ አዋጣ፤ ግድግዳው በዓመቱ ቆመ። የጣሪያው ቆርቆሮ እስከ ዛሬ አልተመታም።

አቶ ፉፋ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ደረታቸውን ያማቸው ነበር። ለሐኪም ሲቀርቡ የድንጋይ አቧራ ሳንባቸውን እንደ ጎዳው ተነገራቸው። ቀንዱን መጀመሪያ ቆመው፣ ኋላም ተቀምጠው መንፋታቸውን ግን አላቆሙም። ባለፈው ታኅሣሥ ሕመሙ ሲጠናባቸው በቃሬዛ ወደ ሆስፒታል ተወሰዱ። ሸካሚዎቹ ጣሪያ በሌለው ክሊኒክ በራፍ ላይ ዐርፈው ነበር። አቶ ፉፋም ከቃሬዛው ቀና ብለው ግድግዳውን ከተመለከቱ በኋላ፣ «ሰማዩ ጥሩ ሆኖ ይታያል» አሉ ይባላል።

ከሆስፒታል ከተመለሱ በኋላ የእድሩን ዳኛ አቶ ዓምደ ሚካኤልን አስጠርተው ሁለቱን መንፊያዎች አስረከቧቸው። «ጥሩምባው የእናንተው ነው። ቀንዱን ደግሞ ቆርቆሮው ሲመታ ለኩባንያው ስጡልኝ፤ የክሊኒኩንም ቃል የተናገርኩት እኔ ነኝ» አሏቸው። ረቡዕ ጥር 17 ቀን 1959 ዓ.ም. ማታ በተወለዱ በ54 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ዛሬ ማለዳ ጥሩምባውን የነፉት አቶ ዓምደ ሚካኤል ናቸው። ስም ከመጠራቱ በፊት፣ በዕድሜ ብዛት ዓይናቸው የደከመው ወይዘሮ ኢፍቱ ከመኝታቸው ተነሥተው፣ «ይሄ የፉፋ አይደለም» አሉ። ይህን ብለውም ነጠላቸውን አዘቀዘቁ።

አቶ ፉፋ በዳዳ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሙሉነሽ አካሉን፣ አንድ ወንድና ሁለት ሴት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውንና ለሃያ ዓመት ሟቾቹን በስማቸው ሲጠሩለት የኖሩትን ሰፈር ትተው ሄደዋል።

ኩባንያው ለሐዘኑ ክብር ዛሬ ሥራ ስላቆመ ቤተሰቡ ያመሰግናል። ሥራ አስኪያጁ አቶ ወልደ ኢየሱስም እዚሁ በመካከላችን ስለሚገኙ፣ ቀንዱ በእድሩ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እንደሚገኝና በአደራው መሠረት የክሊኒኩ ጣሪያ በተመታ ቀን እንደሚሰጣቸው በአክብሮት እናስታውቃለን።

ትንፋሻቸውን ለሰው ጥበቃ የጨረሱትን አባታችንን እግዚአብሔር አምላክ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ ዕቅፍ ያሳርፍልን፤ ለቀረነውም የተናገርነውን የምንጠብቅበት ዕድሜ ይስጠን። አሜን።