የባለበሩ ሕይወትና የቀይዋ መኪና ቀኝ በር

በዘመድ ወዳጅ ዘንድ «ባለበሩ» በሚል ቅጽል የሚታወቁት ወንድማችን፣ ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1941 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱባት ክፍል ከአባታቸው የእንጨት ሥራ ቤት በላይ ነበረች፤ መስኮቷ ሲከፈት የመጋዙ ብናኝ እስከ አልጋው ድረስ ይመጣ ነበር። ለወላጆቻቸው የመጀመሪያ ልጅ ሲሆኑ፣ አንዲት እኅትና አንድ ወንድም ተከትለዋቸዋል። ይህን ታሪክ ያዘጋጀው ያ የመጨረሻው ወንድም ነው። አብዛኛውን ባለበሩ ታመው በተኙበት ራሳቸው አስጽፈውታል። ጸሐፊው ከአንድ ቦታ በስተቀር እንደታዘዘው ጽፏል፤ ያ ቦታ ሲደረስ ይነገራል።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። ሙት ወቃሽ አያድርገንና በትምህርት ጎበዝ አልነበሩም። የሰባተኛ ክፍል መምህራቸው በውጤት ካርዳቸው ላይ «ዴስኩ ንጹሕ፣ ደብተሩም ንጹሕ» ብለው ጽፈው ልከዋል። አባታቸው ግን ልጃቸው ዓይኑን ጨፍኖ በመዳፉ ብቻ ጣውላው የት ላይ እንደሚጎረብጥ ሲነግራቸው አይተው ስለነበር በካርዱ ብዙም አልተበሳጩም። በ1957 ዓ.ም. የአባታቸው ዓይን ሲደክም፣ ቤተሰቡን ለመርዳት ትምህርታቸውን አቋርጠው በአንድ ጋራዥ በመኪና አጣቢነት ተቀጠሩ።

ጋራዡ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ረጃጅም ነጭ አምፖሎች በሁለት ረድፍ የተሰቀሉበት፣ አቧራ እንዳይነሣ ወለሉ በየጠዋቱ በውኃ የሚርስ ነበር። የጋራዡ ባለቤት የመኪና ቀለም የማጽዳትና የመወልወል ሙያን ለባለበሩ ያስተማሩት ሦስት ዓመት እጥበት ካሠሯቸው በኋላ ነው። ሙያው ላልሠራው ሰው ቀላል ይመስላል። ፖሊሽ ማለት ግን ጭረቱን መሙላት ሳይሆን፣ ጭረቱ ያለበትን ቀለም በትንሽ በትንሹ መግፈፍ ነው። አሮጌ ቀለም በተወለወለ ቁጥር ይሳሳል፤ ጨርቁ ቀይ ሆኖ ከወጣ ያ ቀይ ከመኪናው ላይ የሄደ ነው። በተለይ ላሜራው የሚታጠፍባቸው መስመሮች ላይ ቀለሙ ከሁሉም ይሳሳል። ስለዚህ በዚያ ጋራዥ ሕጉ አንድ ነበር፦ መስመሮቹ አስቀድመው በፕላስተር ይሸፈናሉ፤ የመወልወያ ማሽን አይነካቸውም፤ በመጨረሻ ፕላስተሩ ተልጦ በጣትና በጨርቅ ብቻ ይሠራሉ።

ሌላው ሕግ ማንም ሰው ቀለበት፣ ሰዓትና የብረት ዘለበት ያለው ቀበቶ አድርጎ መኪና እንዳይጠጋ ነበር። ባለበሩ በ1967 ዓ.ም. በመንገዱ ማዶ ባለው የመስታወት ቤት ቆራጭ ከነበሩት ከባለቤታቸው ጋር ጋብቻ ፈጸሙ። በሠርጉ በሁለተኛው ሳምንት አማታቸው ሳይናገሩ ወደ ጋራዡ ብቅ ቢሉ፣ አማቻቸውን ያለ ቀለበት፣ ሱሪያቸውን በሲባጎ አስረው አገኟቸው። በመጡበት እግራቸው ተመለሱ። ነገሩን ለማስረዳት ሽማግሌ ሊላክ ምንም አልቀረውም ነበር። ከዚህ ጋብቻ ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

በሙያቸው ከሁሉ በላይ የሚሳሱለት ስማቸው ነበር። ወደ ጋራዡ የሚመጡት አሮጌ መኪኖች ባለቤቶች እርስ በርስ ስለሚተዋወቁ፣ አንድ ሰው አንድ ቀለም ካቃጠለ፣ ማለትም እስከ ሥሩ ከገፈፈ፣ ወሬው ከመኪናው ቀድሞ ይደርሳል። ባለበሩ ለአሥራ አራት ዓመት እንዲህ ዓይነት ወሬ አልነካቸውም። አንድ ደንበኛ «ለምን ሁሉንም ፍቀህ አዲስ አትቀባውም?» ሲላቸው፣ «ፊትህ ተሸበሸበ ተብሎ ፊት ይቀየርልሃል እንዴ?» ብለው መልሰዋል። ደንበኛው ተቀይሞ ሄዶ በወሩ ተመልሷል።

በ1974 ዓ.ም. አንዲት ሐኪም ከሟች አባታቸው የወረሷትን ባለ ሁለት ወንበር ቀይ የስፖርት መኪና አመጡ። ቀለሟ ከፋብሪካ ስትወጣ የተቀባችው ነበር፤ ኮፈኗ ደብዝዞ ወደ ነጭ ቢያደላም አንድም ቦታ ሁለተኛ እጅ አልነካትም። እንዲህ ያለችው መኪና ዋጋዋ በዚያ ነው፤ ቀለም ሁለቴም ሦስቴም ይቀባል፣ የመጀመሪያ የሚሆነው ግን አንዴ ነው። ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ባለበሩ ቃል በቃል እንዲህ አስጽፈዋል፦ «በዚያ ዓመት የሐኪሟን መኪና ቀኝ በር ቀለም አቃጥለዋል። ጥፋቱ የራሳቸው ነው።» በበሩ መስመር ላይ የሦስት ጣት ርዝመት ያህል ቀዩ ተገፎ ከሥር ያለው ግራጫ ወጥቶ ነበር። የጋራዡ ባለቤት ሐኪሟ ሳያዩት በሩ ይቀባ አሉ። ባለበሩ አልተስማሙም፤ ሐኪሟ ሲመጡ ራሳቸው በሩ ድረስ ወስደው አሳዩአቸው፤ «እኔ ነኝ ያበላሸሁት» አሉ። ሐኪሟ መኪናቸውን ይዘው ሄዱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስማቸው ባለበሩ ሆነ። መጀመሪያ የወጣው ለሽሙጥ ነው። ማሽኑ ከእጃቸው ተወስዶ ለስድስት ዓመት ጎማ አጠቡ፣ ምንጣፍ አራገፉ። ከእሳቸው በኋላ የተቀጠሩ ሰዎች ፊታቸው ቆመው ሲወለውሉ እሳቸው የባልዲ ውኃ ያቀብሉ ነበር። ቤታቸው ሲገቡ ስለ ሥራ አያወሩም፤ ባለቤታቸው እንደሚሉት በእነዚያ ዓመታት የቤቱን ጠረጴዛ ደጋግመው በሰም ስለሚወለውሉት ሰሐን ይንሸራተት ነበር። በዚያው ጋራዥ ፖሊሽ ይለማመድ የነበረው ታናሽ ወንድማቸው በበኩሉ በሩ በተበላሸበት ዓመት ፖሊሹን ትቶ ቀለም መርጨት ተማረ፤ ዛሬም የሚተዳደረው በዚያ ነው።

በ1980 ዓ.ም. ሐኪሟ ያቺኑ መኪና ይዘው ተመለሱ። ሌሎች ባለሙያዎች ሁሉ እንቀባት ብለዋቸው ነበር። ባለበሩን አስጠርተው፣ «ያጠፋውን በገዛ አፉ የሚነግረኝ ሰው ሌላውንም አይደብቀኝም» አሏቸው፤ ቁልፉንም ሰጧቸው። ለሠላሳ አምስት ዓመት ያቺን መኪና ከእሳቸው በቀር የነካት የለም። እጃቸውን በስስ ፌስታል ከተው ይዳብሷታል፤ እጅ ብቻውን የማይሰማው ቅንጣት በፌስታሉ ውስጥ ይሰማል። ማሽን አላስጠጓትም። በጥጥ ጨርቅ የተጠቀለለ አውራ ጣታቸውን ዘይት አስነክተው የደረቀውን ቀለም በቀን አንድ ክንድ ያህል ያርሱታል፤ በማግስቱ ይመለሱበታል። ልጆቻቸው የቀለም ውፍረት መለኪያ ገዝተው ሲያመጡላቸው አመስግነው ተቀበሉ፤ በመዳፋቸው ከገመቱት ጋር ሲያስተያዩት መለኪያው ልክ ነው አሉ። በስድስት ዓመት ውስጥ ኮፈኗ ቀይነቷን መለሰች። በበሩ ላይ ያለችውን ግራጫ ግን አልሸፈኗትም። የጠየቃቸውን ሁሉ «እኔ ነኝ» ይሉ ነበር፤ መኪናዋ በታየች ቁጥር ይጠየቁ ነበር፤ እሷም ብዙ ጊዜ ትታይ ነበር። በነዚህ ዓመታት ባለበሩ የሚለው ስም የአክብሮት ሆነ፤ ከየት እንደመጣ የማያውቁ ወጣቶችም «ጋሽ ባለበሩ» ይሏቸው ጀመር።

ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በሳንባ ሕመም በቤታቸውና በሆስፒታል ሲታከሙ ቆዩ። መሞቻቸው መድረሱን ሲያውቁ ታናሽ ወንድማቸውን አስጠርተው ለአራት ቀናት ከሰዓት በኋላ እየተገናኙ ይህን ታሪክ አስጻፉት። የበሩ ነገር ላይ ሲደርሱ ብዕሩን አስቀመጠ። «ጻፍ እንጂ፣ ምን ታፈጥብኛለህ?» አሉት። እንደማይጽፍ ነገራቸው። «ሐኪሟ ያመኑኝ በዚያች ቃል ነው። እሷን ካፈረስክ ሠላሳ አምስት ዓመቱን አብረህ ታፈርሳለህ» አሉ። ጻፈ። ኅዳር 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ጠዋት በተወለዱ በ75 ዓመታቸው ዐረፉ።

ጸሐፊው ያልታዘዘበት ቦታ ይህ ነው፤ አንባቢው እንዳይዘለው አደራ። ያን በር ያቃጠሉት ባለበሩ አይደሉም። እሳቸው ውኃ ሊቀዱ ወጥተው ነበር። ማሽኑ የነበረው በታናሽ ወንድማቸው እጅ ነው። የሦስት ወር ሙከራው ሊያልቅ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶት ነበር፤ ሥራውን ያገኘው በእሳቸው አማላጅነት ነው፤ ሚስቱም የመጀመሪያ ልጃቸውን ልትወልድ ወሯ ገብቶ ነበር። በፕላስተር የተሸፈነው መስመር ከተወለወለው አጠገብ ደብዝዞ ስለታየው፣ ቶሎ ጨርሶ ሊያስደስታቸው ፕላስተሩን ልጦ ማሽኑን አሳለፈበት። ሦስት ሰከንድ ቢሆን ነው። ባለበሩ ተመልሰው ግራጫውን አዩ። ባልዲውን አስቀመጡ፣ ማሽኑን ከእጁ ወሰዱ። የጋራዡ ባለቤት የገቡት በዚያ ቅጽበት ነው፤ ማሽኑን የያዙትን ሰው አዩ። ወንድማማቾቹ ስለዚያ ቀን፣ ይህ ታሪክ እስከተጻፈበት ድረስ፣ አርባ ዓመት አልፎም አንድ ቀን አልተነጋገሩም። ጸሐፊው እንደሚያፍር ይናገራል፤ ሲያፍርም ኖሯል።

ከባለቤታቸው፣ ከሦስት ልጆቻቸውና ከአምስት የልጅ ልጆቻቸው፣ ከእኅታቸውና ከወንድማቸው በሞት ተለይተዋል። ለተረፍነው መጽናናትን፣ ለነፍሳቸውም የማያልቅ ዕረፍት ፈጣሪ ይስጥልን።

ጸሐፊው ይህን በሕዝብ ፊት ከማስነበቡ በፊት፣ ትናንት ሐኪሟ ቤት ሄዶ ሁሉንም ነግሯቸዋል። እሳቸውም ዛሬ በመካከላችን ተቀምጠዋል። ሐኪሟ የጠየቁት ስለ በሩም ስለ ውሸቱም አይደለም። «አንድ ቀን እንኳ አመስግነዋቸው ያውቃሉ?» ብለው ጠየቁት። አያውቅም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ወንድም ጋሼ።