የአባት ስም የማይጠራበት ክፍል

ኮምቦልቻ፣ የካቲት 9 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለአትጠገብ አባት ለፈንታሁን፣

የአሰብ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ቆመን እንሄዳለን። ከሄድህ ሁለት ዓመት ሊሞላህ ነው፤ ደብዳቤ ከጻፍህልንም ከርሟል። እሱንስ ሆድ ይፍጀው። ዛሬ የምጽፍልህ ስለ ልጅህ ነው። ከትምህርት ቤት ልትባረር ምንም አልቀራትም ነበር።

ነገሩ የጀመረው ጥቅምት ላይ ነው። ሾፌሩ ሀምዱ የላክኸውን ቴምር ይዞልን መጣ። የዋህ ሰው ነው፤ እህትህ መስዬው፣ "አብሽሪ እንጂ! ወንድምሽ እኮ አሰብ ላይ ሴት ልጅ ተወለደችለት፣ አልሐምዱሊላህ" አለኝ። አትጠገብ የሚጠጣ ውሃ ይዛለት ቆማ ነበር። ብርጭቆውን ቀስ ብላ አስቀምጣ ወጣች። እንግዲህ እንኳን ደስ ያለህ።

በማግሥቱ ክፍል ውስጥ "አትጠገብ ፈንታሁን" ተብሎ ሲጠራ ዝም አለች። ሲደገምባት "ፈንታሁን የሚባል ሰው አላውቅም!" ብላ ዴስኩን ገለበጠችው። አጠገቧ የሚቀመጠው ብሩ ሳቀ፤ እጁን ነከሰችው። ከዚያ ወዲያ ሰላም የለም፤ ዛሬ የሰው ደብተር ትቀድዳለች፣ ነገ ትደባደባለች። ርዕሰ መምህሩ ጓድ እንየው ባንዲራው ሥር ጠጠር ላይ አንበረከኳት። አንዲት ጠብታ እንባ አልወጣትም። እኔንም አስጠርተው፣ "የአብዮት ልጅ እንዲህ አትሆንም። አንድ ቀን ብትደግም ትሰናበታለች" አሉኝ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው ነው፤ አባቷ በሕይወት እያለ እኔ ብቻዬን ቆሜ ስለምናቸው ዋልሁ።

ያዳነቻት አስተማሪዋ አስናቀች ናት። ግቢው በር ላይ ጠብቃ፣ "እትዬ ገበያነሽ፣ ልጅቷ ባለጌ አይደለችም። የሚነሳባት ሁልጊዜ ጠዋት ስም ስጠራ ነው። ቤት ውስጥ የሆነ ነገር አለ?" አለችኝ። ከመናገሬ በፊት እንባዬ ቀደመኝ፤ ከዚያ ሁሉንም ነገርኋት።

ምን ያደረገች ይመስልሃል? የአትጠገብን ብቻ ብትተው ልጆቹ ይስቁባታል ብላ፣ የክፍሉን ልጅ ሁሉ የአባት ስም ተወችው። ሁሉም በገዛ ስማቸው ብቻ ይጠሩ ጀመር። ሁለት ሐዋ ስላሉ አንዷ ረዥሟ ሐዋ፣ አንዷ ሳቂታዋ ሐዋ ተባሉ። አትጠገብ ንዴቷ ሲመጣባት ደግሞ ሳታስፈቅድ ወጥታ፣ ቧንቧው ጋ ፊቷን ታጥባ እንድትመለስ ፈቀደችላት። መጀመሪያ ሰሞን ቧንቧው ሥር ነበር አሉ የምትውለው። ቀስ በቀስ ተወችው። ብሩም ታርቋት ቆሎ ያካፍላታል፣ እጁን ቶሎ እየሰበሰበ። በአለንጋ ላደግን ለእኛ እንዲህ ያለ አስተማሪ ማየት ይገርማል።

ባለፈው ሰኞ ከደሴ ኢንስፔክተር መጣ። ከጓድ እንየው ጋር ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። አስናቀች ምን ታድርግ፣ እንደ ደንቡ ሙሉ ስም መጥራት ጀመረች። "አትጠገብ" አለችና ቀሪው አልወጣ አላት። ጓድ እንየው ቀና አሉ። ያን ጊዜ ልጅህ ብድግ ብላ፣ "አትጠገብ ፈንታሁን፣ አቤት" አለች።

አስናቀች ይህን ስትነግረኝ ልጄ አባቷን ይቅር አለችው ብዬ ደስታዬን አልቻልሁትም። ቤት ስትመጣ ግን ስጠይቃት፣ "ቲቸርን እንዳይቆጧት ብዬ ነው" አለችኝ። ከዚያ ጭኔ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ከጥቅምት ጀምሮ ስታለቅስ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው።

ለፋሲካ ና። ለእኔ ብለህ አይደለም። ሕፃኗንም አልጠላትም፣ እሷ ምን አጠፋች? ብቻ መጥተህ ለልጅህ ፊት ለፊት ንገራት፤ እንዲህ ያለ ነገር በሾፌር አፍ አይሰማም። ካፖርትህን ሸጠችው ብሎህ ከሆነም ሀምዱ አልዋሸም፣ ተናድጄ ለሱ የዋሸሁት እኔ ነኝ። ቁም ሳጥኑ ውስጥ አለልህ።

የሁለቱም ልጆችህ አምላክ ከክፉ ይሰውርህ፤ መንገድህን ያቅናልህ።

የአትጠገብ እናት፣
ገበያነሽ

አትጠገብ ሰላምታ ትጻፍልህ ብዬ ከታች ቦታ ትቼላት ነበር። እርሳሱን ይዛ ብዙ ቆይታ ይህን ብቻ ጻፈች፦

አትጠገብ፣ 4ኛ ለ