በጸሎት ቤታቸው ተቆልፎባቸው ስለታሰሩት ቄስ የሻው

ኅዳር 8 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለወረዳው አስተዳዳሪ ጽሕፈት ቤት

ጉዳዩ፦ አያቴ ከእስር እንዲፈቱና የጸሎት ቤታችን ቁልፍ እንዲመለስልን ስለማመልከት

እኔ ሙሉዬ ደባሱ በቆቅ ውሃ ገበሬዎች ማኅበር የምኖር የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነኝ። ወገኔ ቤተ እስራኤል ነው፤ ጎረቤት ፈላሻ ይለናል። ሽማግሌዎቻችን አቤቱታው ከንጉሥ ሰሎሞን ይጀምር ብለው ነበር። ወረቀቱ አንድ ሉክ ብቻ ስለሆነ ከዓርብ ጀምሬአለሁ።

1. ማኅበሩ ጸሎት ቤታችንን የእህል መጋዘን ካደረገው ወዲህ ቁልፉ በዘበኛው በአያ ጥሩሰው እጅ ነው። ባለፈው ዓርብ ማታ ለሰንበት ጸሎት ከፍተውልን ነበር። አያቴ ቄስ የሻው ኦሪቱን ይዘው ከገብሱ ጆንያ ኋላ እንደቆሙ፣ አያ ጥሩሰው ሁሉም የወጣ መስሏቸው ቆልፈው፣ ቁልፉን እንደያዙ ለቅዳሜ ገበያ ወረዱ።

2. ቅዳሜ ጠዋት እዚያው ደጅ ስብሰባ ነበር። ሊቀ መንበሩ ጓድ ፈንታው ስም ሲጠሩ አያቴ ከውስጥ «አለሁ» አሉ።

«ውጡና አለሁ በሉ። መጥረቢያ እዚያው አለ፣ በሩን ስበሩት።»

«በሰንበት እንጨት አልፈልጥም፣ ልጄ።»

«እንግዲያው እኛ እንሰብረዋለን።»

«በሰንበት ለእኔ ተብሎም ሥራ አይሠራም። እናንተ ቀጥሉ፣ እሰማለሁ።»

እውነቱን ለመናገር ስብሰባውን እስከ መጨረሻው የሰሙት እርሳቸው ብቻ ናቸው፤ የቀረነው አንቀላፍተናል። ሆኖም ሲመሽ አያ ጥሩሰው ከገበያ ተመልሰው በሩን እንደከፈቱ፣ አያቴ «ከስብሰባ ቀርተዋል፣ እምቢተኛም ናቸው» ተብለው በማኅበሩ እስር ቤት ገቡ።

3. አያቴ ከወገናችን ውጭ ያለ ሰው የነካውን ምግብ አይበሉም። የማደርስላቸውን ስንቅ ደግሞ ጠባቂው እጁን ከትቶ ይፈትሸዋል። ስለዚህ የሰው እጅ ቢነካውም የማይረክሰውን ጥሬ ሽምብራ ብቻ ይዘዋል፤ ጥርስ ግን የላቸውም። ከቀን ወደ ቀን ድምፃቸው እየሰለለ ነው። በመንደራችን ኦሪቱን የሚያነብ ሌላ ሰው የለም።

4. የጸሎት ቤቱን ግንብ የአያቴ አያት ካቡት፤ የጉልላቱን ገንቦ ሚስታቸው ሠሩት። የላሊበላን ዐለት የፈለፈለው መሮ ከእኛ ቀጥቃጮች እጅ የወጣ ነው ይላሉ አያቴ። የቤተ ክርስቲያን ካህናት ደግሞ መላእክት ሌሊት ሌሊት አገዙ ይላሉ። «ታዲያ የመላእክቱን መሮ ማን ሳለላቸው?» ብዬ ብጠይቅ ሁለቱም ወገን ተቆጡኝ። ዛሬ በዚያ ቤት አይጥ ገብሱን ጨርሶ ወደ ኦሪቱ እየተጠጋ ነው።

5. ራሴ እንዳልመጣ የይለፍ ወረቀት የሚፈርሙት ጓድ ፈንታው ናቸው። ይህን የሚያደርሱልዎት አያ ጥሩሰው ናቸው፤ ቆላፊው እርሳቸው ስለሆኑ እምቢ ማለት አልቻሉም።

ስለዚህ አያቴ እንዲፈቱልኝ፣ ቁልፉም እንዲመለስልን በትሕትና አመለክታለሁ። ትእዛዝዎ ግን እባክዎ ዓርብ ጀምበር ሳትጠልቅ ይድረስ። ቅዳሜ ከደረሰ የእስር ቤቱ በር ወለል ብሎ ቢከፈትም፣ እስር ቤቱ ከወንዝ ማዶ ነውና፣ በሰንበት ወንዝ ስለማይሻገሩ እዚያው ይቀመጣሉ። ጓድ ፈንታውም «ውጡ ብንላቸው እምቢ አሉ» ብለው ሁለተኛ ክስ ይጽፉባቸዋል።

ኢትዮጵያ ትቅደም፤ አያቴም ይከተሉ።

ከታላቅ ሰላምታ ጋር
ሙሉዬ ደባሱ
(ፊርማ)