ሞቶ ይቅረብ የተባለው ዓሣችን

ለተከበሩ የባሕር እንስሳት መለያ ክፍል ኃላፊ፤

በቅድሚያ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ ወንበርዎ፣ ማኅተምዎና ከሰዓት በኋላ የማይከፈተው በርዎ ሁሉ በሙሉ ጤንነት ላይ እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ።

ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት ኅሊናዬን የከበደውን አንድ በደል መናዘዝ ይኖርብኛል። ይህን ደብዳቤ የምጽፍበት እስክሪብቶ የመሥሪያ ቤትዎ ንብረት ነው። መስኮት ሁለት ላይ በክር ታስሮ አገኘሁትና ወሰድኩት፤ ክሩን ትቻለሁ። በቢሮው ውስጥ ሲሠራ ያየሁት እሱን ብቻ ስለነበረ ብቻውን ሲለፋ አሳዝኖኝ ነው።

ጡረታ የወጡት ልብስ ሰፊ አያቴ ሳሎን ውስጥ ጨዋማ ውሃ የተሞላ የዓሣ ገንዳ አላቸው። ለጌጥ ብለው ከገዙት የባሕር ድንጋይ ቀዳዳ ውስጥ፣ ማንም ሳይጠራው፣ አንድ ዓሣ ብቅ አለ። አያቴ ሜትራቸውን መስታወቱ ላይ ዘርግተው ለኩት፤ ሁለት ተኩል ሴንቲሜትር ሆነ፤ "ወገቡ ትንሽ ይጠባል" አሉ። ግራጫ ነው፤ ከዓይኑ ሥር ብርቱካንማ ሰረዝ አለው። የሰጠነውን ምግብ ሁሉ ጎርሶ ይተፋዋል። ዛሬ አሥራ ዘጠነኛ ቀኑ ነው። ምን ዓሣ እንደሆነ ካላወቅን ምን እንደሚበላ አናውቅም፤ ምን እንደሚበላ ካላወቅን ደግሞ፣ ቀሪውን እርስዎም አያጡትም።

ጎረቤታችን ፋርማሲስቱ "ቫይታሚን ነው የጎደለው" አሉ። የባዮሎጂ አስተማሪዬ በስልኬ አይተውት "ይሄማ የወንዝ ዓሣ ነው" ብለው ጨው ወደሌለው ውሃ እንድናዛውረው መከሩን፤ ደግነቱ አያቴ የተማረ ሰው ምክር አይሰሙም። ስለዚህ ወደ እናንተ መጣን፤ ለተደረገልን መስተንግዶም ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ፎቶ ይዘን ስንመጣ "ከጎኑ ማስመሪያ ይኑር" ስላላችሁን እናመሰግናለን። ዓሣውን ማስመሪያው አጠገብ ቆሞ እንዲነሣ ለማግባባት አራት ቀን ፈጅቶብናል።

፪. ማስመሪያ ያለበትን ይዘን ስንመለስ "በፎቶ አንለይም" ስላላችሁንም እንዲሁ።

፫. ዓሣውን በላስቲክ ከረጢት፣ ከረጢቱን በአያቴ ኮት ውስጥ አድርገን፣ ሁለት አውቶቡስ ቀያይረን አመጣነው። ባለሙያዎ መነጽራቸውን ከግንባራቸው ሳያወርዱ "እናንተ ልጆች፣ ዓሣ የሚለየው በክንፉ እሾህ ቁጥር ነው፤ እየዋኘ ነው የምቆጥረው?" ብለው ገሠጹን። አያቴ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሏቸው ዋሉ።

፬. ቅጹ ላይ "የጥያቄው ዓላማ" በሚለው ቦታ "እንዳይሞት" ብዬ ጽፌ ነበር። ባለሙያዎ ልክ ከሥሩ "ናሙናው ሞቶ፣ በአልኮል ተነክሮ ይቅረብ" ብለው ማኅተም መቱበት። ማኅተሙ ቀጥ ብሎ ነው ያረፈው፤ እጃቸው ይባረክ።

ስንወጣ በኮሪደሩ መደርደሪያ ላይ የተደረደሩትን ጠርሙሶች አየሁ። በውስጣቸው ያሉት ዓሣዎች ሁሉ ስማቸው ተለጥፎባቸዋል። ምን ይበሉ እንደነበር ግን አንዱም ላይ አልተጻፈም።

አያቴ እስካሁን ሰባት ዓይነት ምግብ ሞክረዋል። በየጠዋቱ መስታወቱ ፊት ተቀምጠው "እሺ አንተ፣ ምን ልስጥህ?" ይሉታል። ዛሬ ጠዋት አልጠየቁትም።

ከወንበርዎ ሳይነሡ ረጅም ዕድሜ ይስጥዎ እያልኩ፣ ከሰልፉ መጨረሻ ሆኜ እጅ እነሣለሁ።

አክባሪዎ፣
የልብስ ሰፊው የልጅ ልጅ

ማስታወሻ፦ ፖስታውን ልዘጋ ስል አያቴ ከሳሎን ጠሩኝ። ሌላ ጊዜ "ምላሳሟ" ነው የሚሉኝ፤ አሁን ግን በትምህርት ቤት ስሜ ነው የጠሩኝ። "ነይ፣ በጎኑ ተኝቷል" አሉኝ። እንግዲህ መስፈርታችሁን አሟልቷል። ጠርሙስ ግን አያዘጋጁ፤ አናመጣውም።