ቢኒዬ፣ ሄድፎኑን ራሴ መረጥኩት

ቢኒዬ፣ የኔ ወንድም፣

ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት አለፈ። እስከዛሬ ያልጻፍኩልህ የምነግርህ ነገር አጥቼ አይደለም፤ የጀመርኩት ሁሉ ለቅሶ እየሆነብኝ ነው። ዛሬ ግን ሌላ ነው። ሱሉልታ ሄጄ ተጫወትኩ! ማንም አጠገቤ ተቀምጦ «ዘለለ፣ ጎንበስ በይ» ሳይለኝ፣ ያንን የድብድብ ጌም ሰው በሞላበት ቤት ውስጥ ብቻዬን ተጫወትኩ። ኮምፒውተሩ የጻፍኩትን መልሶ ያነብልኛል፣ ስምህ ላይ ሲደርስ እንደ ፈረንጅ ያጣምመዋል፣ እኔም በየመሃሉ እስቃለሁ።

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገርህ። አንተ ወሬ ከመሃል ሲጀመርብህ ትቆጣ ነበር።

ቤት ሁሉም ደህና ነው። እማዬ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ደህና ናት። የቡራዩ መንገዳችን ድንጋይ ተነጥፎበታል፤ በትሬ እንደ ድሮው ጭቃ ውስጥ አይሰምጥም። እኔም ሥራ ይዣለሁ። አዲስ አበባ አንድ ድርጅት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሄድፎን አድርጌ የደንበኞች ስልክ አነሳለሁ። እዚያ ጫልቱ የምትባል ጓደኛ አግኝቻለሁ፣ የገፈርሳ ልጅ ናት፤ ጠዋትና ማታ አብረን ነው የምንመላለሰው። ብታውቃት ትወዳት ነበር። ስትናደድ በኦሮምኛ፣ ስትስቅ በአማርኛ ነው።

የጌም ማሽንህ ግን እማዬ በነጠላ ሸፍናው ነበር የከረመው። ኩላሊትህ ታሞ ሆስፒታል ከገባህበት ቀን ጀምሮ ማንም አልነካውም። አንድ እሑድ ከሰዓት ጫልቱ ልትጠይቀን መጥታ፣ «ይሄ የተሸፈነው ምንድን ነው?» አለች። የወንድሜና የእኔ ጌም ነው ስላት «እንዴ! አንቺ እንዴት ትጫወቺያለሽ?» አለችኝ። እሷ እንደሆነች የመጣላትን ከመናገር አትመለስም።

ነገርኳት። ሰበታ ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አዳሪ ሳለሁ ዓርብ ዓርብ መጥተህ ስትወስደኝ፣ ቤት እንደገባን ጫማህን ሳታወልቅ ማሽኑን የምታበራውን። «በግራሽ ነው፣ እየመጣ ነው፣ ዘለለ!» እያልክ ዓይን የሆንክልኝን። ከዚያ አንድ ቀን ሳትነግረኝ መትቼ ስጥልህ፣ «አጭበርባሪ! ታያለሽ እንዴ?» ብለህ የጮህከውን። አላይም፣ እሰማለሁ። ኮቴው ከግራ ጆሮዬ ወደ ቀኝ ሲያልፍ፣ ሲዘል ልብሱ ሲርገበገብ፣ ሊመታ ሲል ትንፋሹን ሲስብ እሰማለሁ። አንተ ያንን ስታውቅ ነው ገበያ ወጥተህ ያን ጥቁር ሄድፎን ያመጣህልኝ።

ጫልቱ ይህን ሁሉ ሰምታ «እስቲ አሳዪኝ» አለች። እኔ እማዬን ፈራሁ። እማዬ ግን ተነሳች፤ ነጠላው ሲገፈፍ ሰማሁት።

ያንን ጥቁር ሄድፎን ሰካሁ። ግራው ሞቷል! ገመዱን ብናጣምመው፣ መሰኪያውን ብናጸዳው ምንም የለም። ሌላ ሰው አንድ ጆሮው ቢጠፋ ዘፈኑ ይቀጥልለታል፤ ለእኔ ግን ግማሹ ሜዳ ነው የጠፋው። ከግራ የሚመጣ ሰው ሁሉ ሳልሰማው ይመታኛል። በቴሌቪዥኑ ስፒከር ብንሞክረውም ሁሉም ድምፅ ከአንድ ቦታ ተቀላቅሎ ይወጣል፤ ማን የት እንደቆመ አይለይም። ጫልቱ አሸነፈችኝ፣ ቢኒ። ጆይስቲክ እንዴት እንደሚያዝ የማታውቅ ጫልቱ! ያን ቀን ነው እልህ የያዘኝ።

እሷም ነገሩን አልተወችውም። በሳምንቱ ሚኒባስ ውስጥ፣ «ሱሉልታ አንድ ጌም ቤት ከመስቀል በኋላ የድብድብ ውድድር አለ አሉ፤ ላስመዝግብሽ?» አለችኝ። ልቤ ዘለለ። አፌ ግን «መጀመሪያ ሄድፎን» አለ።

መጀመሪያ እዚሁ ቡራዩ ገዛሁ። ሻጩ ልጅ «እህት፣ ይሄ ቤዙ ቤት ያንቀጠቅጣል፣ ገመድ የለውም፣ መብራትም አለው!» አለኝና ዘፈን አሰማኝ። እውነትም ደረቴ ድረስ ደለቀ፣ ደስ አለኝ። ቤት ሄጄ ስጫወትበት ግን ጉድ ሆንኩ። ገመድ ስለሌለው ድምፁ ይዘገያል፤ በጣም ትንሽ ነው፣ ዘፈን ላይ ማንም አያውቀውም፤ እኔ ግን ቡጢው ካረፈብኝ በኋላ ነው «መጣ» የሚለኝ። ቤዙም ያን ያህል ከባድ በመሆኑ ኮቴውን ይውጠዋል። ሰውየው እንደ ነጎድጓድ ይመታኛል፣ ከየት እንደመጣ ግን አላውቅም። መለስኩለት፣ ልጁም ሳይጨቃጨቅ ተቀበለኝ።

ከዚያ በዘፈን መሞከር ሞኝነት መሆኑ ገባኝ። የማዳምጠው ዘፈን አይደለማ! ማሽኑ ላይ አንድ ግጥሚያ ቀዳሁ። ከጌሙ ተዋጊዎች አንዱ፣ ያ ባለ ሰንሰለቱ ሰውዬ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይሮጣል፣ ይዘላል፣ ቆሞ ይተነፍሳል። ጫልቱ በፍላሽ ወደ ስልኬ ገለበጠችልኝ። ከዚያ በኋላ ማንም ሻጭ ሊያታልለኝ አይችልም ብዬ ተነሳሁ።

አቶ ግርማን ታስታውሳቸዋለህ? ሰበታ ትምህርት ቤታችን በዓል ሲኖር ስፒከር የሚተክሉልን የሠርግ ድምፅ ባለሙያ። አሁን እዚያው ሰበታ መናኸሪያው አጠገብ አዲስም ያገለገለም የድምፅ ዕቃ ይሸጣሉ። ቅዳሜ ከጫልቱ ጋር ሄድን። ድምፄን እንደሰሙ «ሰላም! ያቺ ዘማሪዋ ልጅ!» አሉኝ። ምን ልሰማበት እንደሆነ ጠየቁኝ፣ ለጌም ነው አልኳቸው። «ለጌም ሄድፎን ስሸጥ ይኸው ስንት ጊዜዬ» አሉ፣ «ምን እንደሚፈልግ አውቆ የመጣ ግን አላጋጠመኝም። እስቲ ያንቺን እንስማ።» ያላቸውን ሁሉ አውርደው ባንኮኒው ላይ ደረደሩልኝ።

ምን ያህል ደስ እንዳለኝ! አንዱን አነሳለሁ፣ ስልኬ ላይ እሰካለሁ፣ ባለ ሰንሰለቱን አሮጠዋለሁ። አንዱ ድምፁ ቀጭን ነው፣ ሰንሰለቱ እንደ ሳንቲም ይንቃጨላል። አንዱ ጭንቅላቴን እንደ ብረት ይጨምቃል፤ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ሄድፎን ተሸክሜ እየዋልኩ ይሄን አልችለውም። አንዱ ደግሞ ድምፁን ከዙሪያ የሚያመጣ ቁልፍ አለው። ስጫነው ባለ ሰንሰለቱ ከኋላዬም ከጣራውም መጣ! ጮህኩ። ለሚተኩሱበት ጌም፣ ጠላት ከጀርባ ለሚመጣበት፣ ጥሩ ሳይሆን አይቀርም። በእኔ ጌም ግን ሰውየው ወይ በግራ ነው ወይ በቀኝ፤ ይሄ ቁልፍ ያለበትን ቦታ ያደበዝዝብኛል።

ከዚያ አቶ ግርማ ጀርባው እንደ ወንፊት የተበሳሳ አንድ ሄድፎን ሰጡኝ። ቢኒ፣ ምን ብዬ ልንገርህ? ክፍሉ ጠፋ። ገፈርሳ ውሃው ዳር ወስደኸኝ ያጨበጨብክልኝ ቀን፣ ጭብጨባህ ሄዶ ሄዶ ሲጠፋ እንደሰማሁት፣ እንደዚያ ሰፊ ነው። ኮቴው ብቻ ሳይሆን ከኮቴው እስከ እኔ ያለው ርቀት ይሰማል። «ይሄ ነው! ይሄ ነው!» አልኩ። ወዲያው ግን ውጭ የቆመ ረዳት «አየር ጤና! አየር ጤና!» እያለ ድብድቡ መሃል ገባ። ጫልቱ ለራሷ የምታጉረመርመው እንኳ ይሰማኛል። በዚያ ቀዳዳ ድምፁ እንደሚወጣው ሁሉ የውጭውም ይገባል። የሱሉልታው ጌም ቤት ደግሞ ሰው ይሞላዋል፣ ይጮሃሉ። አውልቄ ባንኮኒው ላይ መልሼ አስቀመጥኩት።

በመጨረሻ የመረጥኩት ጀርባው ድፍን፣ ባለ ገመድ፣ ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚከድን ነው። ትራሱ ጨርቅ ስለሆነ አያልብም። ቤዙ ልከኛ ነው፣ ትንፋሽና ኮቴን አይሸፍንም። እንደ ወንፊቱ ሰፊ አይደለም፤ ግራው ግራ፣ ቀኙ ቀኝ መሆኑን ግን ቁርጥ አድርጎ ይነግረኛል። ማይኩ ይነቀላል፤ ስለማልፈልገው ነቀልኩት። ጫልቱ መብራት የለውም ብላ አዘነች። «ለማን ነው የማበራው?» ስላት አቶ ግርማ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ገምት። ከሥራ እንደመጣሁ ልምምድ ነው። እማዬ አጠገቤ ሽንኩርት እየላጠች፣ ዝም ብዬ ጆይስቲኩን ስቀጠቅጥ «ማንን ነው እንዲህ የምትደበድቢው?» ትለኛለች።

ውድድሩ እሑድ ነበር። እማዬ እቀራለሁ ስትል ከርማ ጠዋት ጫማዋን አድርጋ በር ላይ ጠበቀችን። ሱሉልታ ስንወርድ ነፋሱ ፊት ይገርፋል። ጌም ቤቱ ውስጥ ገባን። ባለቤቱ ኦቦ ለሜሳ የሚባሉ ትልቅ ሰው ናቸው። ጫልቱ «አካም ጅርቱ» ብላ ሰላም አለቻቸው፤ እሳቸውም መልሰው ተጫዋቹ ማን እንደሆነ ጠየቋት። «እኔ ነኝ» አልኩ። የጌሙን የጀርባ ሙዚቃ እንዲያጠፉልኝና ሄድፎኔን ጆይስቲኩ ላይ እንድሰካ ለመንኳቸው። «ማንንም አይጎዳም፣ ስኪ» አሉኝ።

የመጀመሪያው ተጋጣሚዬ አዘነልኝ። ሰማሁት፣ ቆሞ ይጠብቀኛል፣ አይመታም። «ወንድሜ፣ እንደቆምክ አሸንፍሃለሁ» አልኩት። አላመነኝም። አሸነፍኩት። ቤቱ በሳቅ ሞላ፣ ሁለተኛው ግን ሲመጣ የሚስቅ አልነበረም። እሱንም ጣልኩት!

ሦስተኛው ቶሌራ የሚባል ልጅ ነው። ግጥሚያው ተጀመረ፣ እኔ ጆሮዬን ጣልኩ፣ ምንም የለም። ኮቴ የለም፣ ዝላይ የለም። ዝም ብሎ ቆሟል። ድንገት ይመታኛል፣ እንደገና ዝም ይላል። የት እንዳለ የሚነግረኝ ምንም ነገር ስለሌለ የመጀመሪያውን ዙር ወሰደው። ከኋላዬ እማዬ «አይዞሽ» ስትል በሄድፎኑ ውስጥ እንደ ሩቅ ድምፅ ደረሰኝ። ከዚያ አንድ ነገር መጣልኝ። የኔዋ ተጫዋች ጩቤ ትወረውራለች። ወረወርኩ። ጩቤው ከመሃል ተነስቶ ወደ ቀኝ ጆሮዬ ሄደና «ቀጭ» አለ፤ ጋሻው ላይ አርፏል። አገኘሁህ! ቶሎ ቀጭ ካለ ቅርብ ነው፣ ከዘገየ ሩቅ ነው። እየወረወርኩ፣ እያዳመጥኩ፣ እየተጠጋሁ ያዝኩት። ሁለተኛውን ዙር ወሰድኩ። ሦስተኛውን ሁለታችንም አንዲት ምት እስኪቀረን ድረስ ተናነቅን፤ ትንፋሹን ሲስብ ሰማሁት፣ ቀድሜ መታሁ። ሄድፎኑን ሳወልቅ የቤቱ ጩኸት እንደ ማዕበል ወረደብኝ። ጫልቱ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ በኦሮምኛ ትጮሃለች፤ ለካ ስትደሰትም በኦሮምኛ ነው።

የመጨረሻውን ግጥሚያ ተሸነፍኩ። ልጁ በጣም ጎበዝ ነው፣ ምንም አልከፋኝም። ሁለተኛ ወጣሁ፣ ቢኒ!

ልንወጣ ስንል ግን ቶሌራ መጣ። ድምፁ ተቀይሯል። «የቢኒያም እህት ነሽ አይደል?» አለኝ። እማዬ እጄን ጨበጠችው። ለካ አንተ እዚያ ሱሉልታ ላለው ውሃ ፋብሪካ ሹፌር ሳለህ፣ መኪናው እስኪጫንልህ ምሳ ሰዓት እየመጣህ እዚያ ቤት ትጫወት ነበር። ለእኛ ነግረኸን አታውቅም። «ዓይኑን በስካርፍ አስሮ ነበር የሚጫወተው» አለኝ ቶሌራ። «እህቴ የምትሰማውን ልስማ እያለ። ሁሌም ይሸነፋል፣ ሁላችንም እንስቅበታለን፣ እሱም ይስቃል። ዝም ብሎ የመቆሙን ዘዴ ያገኘሁት በሱ ላይ ነው። ያኔ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ‹እኔን በዚህ ታሸንፈኛለህ፣ እህቴን ግን አታሸንፋትም፤ ፈልጋ ታገኝሃለች› አለኝ። ዛሬ ስትገቢ ገምቼ ነበር። ስለዚህ ነው ያልራራሁልሽ።»

እማዬ እዚያው ወንበር ስባ ተቀመጠች። የምታለቅስ መሰለኝ፣ ኋላ ግን ሳቋን ሰማሁት። ካንተ በኋላ እንዲያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። ቶሌራን አንተ እንዴት እንደምትቀመጥ፣ ስትሸነፍ ምን እንደምትል፣ ስካርፉን ማን እንደሚያስርልህ አንድ በአንድ አስነገረችው፤ እሱም ሳይሰለች ነገራት።

ቢኒዬ፣ እስከዛሬ የማስታውስህ እኔ ባለሁበት ብቻ ነበር። ከአሁን በኋላ እኔ በሌለሁበትም አስታውስሃለሁ። ሱሉልታ፣ በምሳ ሰዓት፣ ዓይንህ ታስሮ፣ ልጆቹ እየሳቁብህ፣ ጆሮህን ጥለህ እኔን ስትፈልግ። ያንን ቀን አልሰማሁትም፤ ግን እስካለሁ ድረስ የኔ ነው፣ አልሰጥም።

እህትህ ሰላም፣
ቡራዩ