ያልተለኩት ዘጠኝ ቀናት

ኅዳር 3
ሦስት ዓመት አለፈው። ለእግዚአብሔር እንኳ በጅምላ «በደሌን ይቅር በለኝ» እያልኩ ነው እንጂ በስሙ ጠርቼለት አላውቅም። ዛሬ ልጻፈው። በአንቴናው የልኬት መዝገብ ላይ ዘጠኝ ቀን ዋሽቻለሁ።

ባለቤቴ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። የኔ ሥራ፣ የሰማይ ሞገድ የሚቀበለው ትልቁ አንቴና ወደምናጠናት ጋላክሲ ከመዞሩ በፊት፣ ጠዋት ጠዋት ቦታዋ ወደታወቀ አንዲት ብርቱ የራዲዮ ሞገድ ምንጭ አዙሬ ዒላማውን በምን ያህል እንደሚስት መለካት፣ ቁጥሩን መጻፍ። ሌላው ልኬት ሁሉ የሚታረመው በዚያ ቁጥር ነው። አርባ ደቂቃ ይፈጃል። ባለቤቴ ደግሞ ከእኔ እጅ በቀር አትጎርስም ነበር... የቀደመውን ቀን ቁጥር ገለበጥኩ። ዘጠኝ ጠዋት።

ከዚያ ሞተች። እኔም ዝም አልኩ።

ኅዳር 5
የአንቴናውን ማዞሪያ ግራሶ ቀባሁ። ጉልበቴን ያመኛል። ሌላ የለም።

ኅዳር 9
ጋላክሲዋን የምታጠናው ዶክተር እየሳቀች መጣች። ትንሿ ጎረቤታችን ጋላክሲ ጉድ አፍልታለች። እኔ እንደገባኝ እንዲህ ነው፦ ጋላክሲ ስትዞር አንዱ ጎኗ ወደ እኛ ይመጣል፣ ሌላው ይሸሻል። ጋዟ የሚልከው የራዲዮ ሞገድ በሚመጣው ጎን ይቀጥናል፣ በሚሸሸው ይወፍራል፤ እንደሚያልፍ መኪና ጥሩምባ። ከዚያ ፍጥነቷን፣ ከፍጥነቷም ክብደቷን ያወጣሉ። የዚህችኛዋ ምሥራቅ ጎን ግን ከምዕራቡ ይዘገያል።

«ጋሼ፣ የማይታይ ነገር አንድ ጎኗን ይዞ እየጎተታት ነው። ዓርብ ጽሑፉን ለመጽሔት እልካለሁ።»

«የመሣሪያ ስህተት ቢሆንስ?» አልኩ። ድምፄ ለራሴም ራቀኝ።

«መሣሪያውን ፈትሻለሁ። መዝገቡን ደግሞ የጻፉት እርስዎ ነዎት። እኔ ሰዓቴን እጠራጠራለሁ እንጂ የእርስዎን መዝገብ?»

ምሥራቁን የለካነው መቼ ነበር?... ማየት አላስፈለገኝም። ሆዴ ያውቀዋል።

ኅዳር 10
ቢሆንም መዝገቡን አወጣሁ። እነዚያው ዘጠኝ ቀናት። ያውም በዋዜማቸው ኃይለኛ ነፋስ አንቴናውን ሲንጠው ነው ያደረው። ዘንበል ካለ፣ የለካነው የምሥራቁን ጠርዝ ሳይሆን ወደ መሃል ያለውን ዘገምተኛ ጋዝ ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል ነበር። አሁን ቅጠሉም ደርቋል።

ኅዳር 11
ልጄ ደወለች። ነገርኳት።

«ታዲያ ተወው አባዬ፣ ማን ያውቃል? የእማዬን ሕመም ሰው አፍ ውስጥ ማስገባት ነው።»

ደስ አለኝ። እኔም ስል የከረምኩት ይህንኑ ነው። ለእሷ ክብር ብዬ።

ስልኩን ልትዘጋ ስትል ግን፣ «ቆይ፣ ልጅቷስ? በውሸት ቁጥር ስሟ ሲጠራ?»

«ዶክተር ናት፣ ልጅ አይደለችም።»

«ይባስ።»

ኅዳር 12
ጸለይኩ። አልቀለለኝም። እውነት ለባለቤቴ ክብር ነው? እሷ ብትሰማ መጀመሪያ ትስቃለች፣ ቀጥላ «ሂድና ንገራት፣ አንተ ደረቅ» ትለኛለች። የእሷ ክብር አይደለም። «የእርስዎ መዝገብ» መባል ጣፍጦኝ ነው። ከስምንተኛ ክፍል ያላለፈ ሰው፣ ዶክተሮች ቁጥሩን ሲያምኑለት...

ደግሞ እዚህም ሸፍኛለሁ። «ገለበጥኩ» ብያለሁ። መገልበጥ ብቻ አልነበረም። እንዳይነቃብኝ የመጨረሻዋን አሃዝ በየቀኑ እለዋውጣት ነበር። የደከመ ሰው ይገለብጣል። አሃዝ የሚለዋውጥስ ምን ይባላል?

ኅዳር 13፣ ዓርብ
ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቢሮዋ ገባሁ። «ከመላክሽ በፊት» አልኳት። ሁሉንም ነገርኳት፤ አሃዙንም። ባለቤቴን ያነሳሁት «ለምን?» ብላ ስትጠይቀኝ ብቻ ነው።

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ስንት ቀን?»

«ዘጠኝ።»

«ምሥራቁ በሙሉ።»

«በሙሉ።»

ኮምፒውተሩን ዘጋችው። «ሲጎትታት የነበረው እርስዎ ነዎት ማለት ነው» አለች። ለመሳቅ ሞከረች፣ አልሆነላትም። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ይቅር በይኝ አልኳት።

«ዛሬ አልችልም ጋሼ።»

ጽሑፉ አልተላከም። ምሥራቁ እንደገና ይለካል፤ የጠዋቱን ልኬት ከእንግዲህ ሌላ ሰው ይይዘዋል። ይገባኛል።

ከመውጣቴ በፊት መዝገቡን ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋሁት። በዘጠኙም ገጽ ላይ በቀይ «አልተለካም። ቁጥሩን ፈጥሬ ነው የጻፍኩት» ብዬ ጻፍኩ፣ በእያንዳንዱ ሥር ፈረምኩ።