ለአባባ ያልነገርነው ቅዳሜ

ሐሙስ፣ ጥር 25። ከቀኑ 11 ሰዓት።

የአራተኛ ክፍል ደብተር ገና ግማሹ አልታረመም። ጣቶቼ ደንዝዘዋል። ሌሊት ውርጩ የጓሮውን ጎመን አቃጥሎት አደረ።

ማስታወሻዬ፣ ላንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ። ከበደ ሁለት የቴአትር ትኬት ገዝቷል! ከአ.አ. አንድ የቴአትር ጓድ መጥቶ ቅዳሜ ማታ በት/ቤታችን አዳራሽ ያሳያል። ዘፈንም ጭፈራም ቀልድም አለበት አሉ። ከዚያ በፊት ሆቴል እራት ይጋብዘኛል። ባል ሚስቱን፣ ሆቴል! ከተጋባን አራት ዓመታችን፤ እንዲህ ያለ ነገር አይተን አናውቅም። ደብተር ሳርም ለብቻዬ እስቃለሁ።

ግን አባባ አሉ።

አባቴ መሪጌታ ናቸው። አንኮበር ዜማ ያስተምራሉ። ለዓይናቸው ሕክምና ደ/ብርሃን መጥተው እኛ ጋ ካረፉ ዛሬ ዐሥረኛ ቀናቸው። ያጩልኝን ዲያቆን ትቼ ከበደን ሳገባ ሠርጌ ላይ አልተገኙም። አራት ዓመት ሙሉ ደጄን አልረገጡም። ገና አሁን መምጣታቸው ነው። ዘፈን ደግሞ አይወዱም። ልጅ ሆኜ ወንዝ ወርጄ ስዘፍን ሰምተው መቶ ስግደት አሰግደውኛል።

ብነግራቸው በነጋታው ተነሥተው ይሄዳሉ። ባልነግራቸውስ?

ዓርብ፣ ጥር 26። ማታ።

ዋሸሁ። ነገ የመምህራን ስብሰባ አለን አልኳቸው። ቅዳሜ ማታ? አሉ። አዎ አልኩ። ሌላ አልጠየቁም፤ መቁጠሪያቸውን ቀጠሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከበደ እውነቱን እንንገራቸው ይላል። እሱ ምን ቸገረው፣ አባቱ አይደሉ። ይህንኑ ፊት ለፊት አልኩት። ተኮራረፍን። ትንሽ ቆይቶ ጓዳ ገባና ሳልጠይቀው ሽንኩርት ይልጥልኝ ጀመር። ዓይኑ እንባ በእንባ። ሳቅሁ። ታረቅን።

ቅዳሜ፣ ጥር 27። ከቀኑ 9 ሰዓት።

ከበደ ቀሚሴን እየተኮሰ ነው! መምህር ከበደ፣ የሒሳብ አስተማሪው፣ የከሰል ካውያ ይዞ። ጎረቤት እንዳያየው በሩን ዘግቷል። አንዱን እጅጌ ሁለቴ ተኩሶ ሌላውን ረስቶታል። አልነግረውም። እንዲሁ እለብሰዋለሁ።

አባባ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። ስወጣ ጉልበታቸውን ስሜ ልውጣ ወይስ ዝም ብዬ?

እሑድ፣ ጥር 28። ከቅዳሴ መልስ።

ከየት ልጀምር።

እራቱ። ከዋናው መንገድ ዳር ያለው ሆቴል ገባን። ከሴት እኔና ባለቤቷ ብቻ። ከበደ ፓስታ አዘዘ። ሹካውን እንዴት እንደሚያዞሩ አሳየኝ፤ እሱ ሲያዞር ይጠቀለላል፣ እኔ ሳዞር ይሸሻል። መጨረሻ ላይ ስጎው ነጠላዬ ላይ። ላለቅስ ምንም አልቀረኝ። ከበደ ነጠላውን አገላብጦ ራሱ አጣፋልኝ፤ እድፉ ጠፋ። ከዚያ ሹካውን አስቀምጦ በእጁ አጎረሰኝ። እዚያ ሁሉ ሰው ፊት! አንገቴን ደፍቼ ጎረስኩ። ባለቤቷ ከወዲያ ሆና፣ ትዳር እንዲህ ነው አለች።

ቴአትሩ። አዳራሹ ጢም ብሏል። ማሲንቆ፣ ክራር፣ አኮርዲዮን። ታሪኩ በሁለት ከተማ ሁለት ሚስት ያገባ ነጋዴ ነው። አንዷ ሌላዋን ሳታውቅ ገበያ ላይ ይገናኛሉ፤ ስለ ባላቸው በዘፈን ይወዳደራሉ፤ ለካ አንድ ሰው ነው የሚያወድሱት! ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ከበደ ካፖርቱን ትከሻዬ ላይ ጥሎልኛል፤ ከካፖርቱ ሥር እጄን ይዟል። ይህን ምሽት ምንም አይወስድብኝም እላለሁ በልቤ።

ያን ጊዜ ከኋላ አንድ ሳቅ ሰማሁ። በሳል ጀምሮ በ"እግዚኦ" የሚያልቅ ሳቅ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ሰምቼው አላውቅም።

ዞርኩ። አባባ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ከጎረቤታችን ከወ/ሮ ደስታ አጠገብ። ለካ እሷ ቴአትር ስትሄድ ጎራ ብላ፣ ልጅዎም እዚያ ናት፣ ብቻዎን ከሚሆኑ ይምጡ ብላ እጃቸውን ይዛ መርታ አምጥታቸዋለች። ከዚያ ወዲያ መድረኩ ላይ ምን እንደታየ አላውቅም።

ሲያልቅ በር ላይ ጠበቅናቸው። ክንዳቸውን ያዝኩ። ከበደ በወዲያ በኩል። ወደ ቤት ተጓዝን። ድንገት አባባ፦

"ስብሰባችሁ ደማቅ ነበር" አሉ።

ማልቀስ ጀመርኩ። ክንዳቸውን አላስለቀቁኝም። ጥቂት ሄድን።

"ያቺ ታላቂቱ ሚስት" አሉ፣ "ድምፅ ሰጥቷታል። ግን በግዕዝ ዜማ ጀምራ ሳትጨርሰው ወደ ዓራራይ ዜማ ሸሸች። መምህር አላገኘችም።"

ከበደ ፊቱን አዙሮ ሳቁን አፈነ። እኔ ሳቁም ልቅሶውም ተደባለቀብኝ።

ዛሬ ከቅዳሴ ስንመለስ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ስለ ውሸቴ ይቅር ይበሉኝ አልኩ።

"ተነሺ። እኔም አለብኝ" አሉ።

ነገሩኝ። የሠርጌ ዕለት በቅሎ አስጭነው ከአንኮበር ወደ ደ/ብርሃን ወጥተው ነበር። ጎረቤላ የምትባለውን መንደር አልፈው ኮረብታው ላይ ሲደርሱ፣ የናቀችኝን ልጅ ለምኜ ልገባ ነው ወይ ብለው በቅሎዋን አዞሩ። ቤት ገብተው እህል አልቀመሱም። ይህን ለአራት ዓመት ለማንም አልተናገሩም።

"ኮረብታው ላይ ሆኜ" አሉ፣ "ደ/ብርሃን የሚታየኝ መስሎኝ ቆሜ አይቻለሁ።"

እጃቸውን ይዤ ሳምኩ። እኔ በዚያ ቀን እንደረሱኝ ነበር የማውቀው።

ቆይቼ፣ ዘፈን መስማትዎስ? ብዬ ጠየቅሁ።

"እሱን እኔ ለነፍስ አባቴ እናገራለሁ" አሉ። "አንቺ ውሸቱን ተናገሪ።"

ማክሰኞ፣ ጥር 30። ጠዋት።

አባባ ትናንት ሄዱ። አጎቴ በቅሎ ይዞ መጥቶ ወሰዳቸው። ሐኪሙ የዓይናቸው ሞራ የሚነሣው ከክረምት በኋላ ነው ብሏል፤ ያኔ ይመለሳሉ። ከበደ ጉልበታቸውን ሊስም ሲጎነበስ ራሱን በሁለት እጃቸው ይዘው ረጅም ምርቃት መረቁት። ቀና ሲል ዓይኑ ቀልቷል። ብርዱ ነው ይላል።

በቅሎዋ ላይ ሆነው፣ ለፋሲካ ሁለታችሁንም እጠብቃለሁ አሉ። ለዘመድ ሁሉ እነግራለሁም ብለዋል። ዘመዶቼን እፈራለሁ። ያ ዲያቆን ዛሬ ቄስ ሆኖ እዚያው አለ። ሌሊቱን ስንመክር አደርን።

ወስነናል። ለፋሲካ አንኮበር እንሄዳለን። ከበደ የአ.አ. ልጅ ነው፤ በቅሎ ላይ ተቀምጦ አያውቅም። ከነገ ጀምሮ ይለማመዳል።